ባዶ እጅ የማይገባበት ቤት

ይህን ከሰው አልሰማሁትም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ማመን ያልፈለገ አይመን፤ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምንም ነበር። ግን አሁን በምጽፍበት ጠረጴዛ ላይ አንድ ሳህን ተቀምጧል... እሱን እያየሁ ምን ብዬ እዋሻለሁ?

ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ ወሩ ግንቦት። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። ቦታው ኡልቨርስቶን የምትባል ትንሽ ከተማ፣ አባቴ ብቻውን የሚኖርባት ባለ አንድ መኝታ ቤት።

ሌሊት ቢሆን ደስ ባለኝ። ሌሊት ቢሆን እንቅልፍ ነው፣ ዓይኔ ነው እል ነበር። ግን ፀሐይዋ ወለል ብላ ወጥታለች። ጎረቤቱ ሣሩን ያጭዳል። የታጨደው ሣር ሽታ በመስኮቱ ይገባል።

ከሣሩ ሽታ ሥር ግን ሌላ ሽታ ነበረ...

እዚያ እደርሳለሁ። መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር።

ስሜ ኔሪዳ ነው። ላውንሰስተን ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ድርጅት ስድስት ዓመት በፈታሽነት ሠርቻለሁ። ጨዋታችን በኢንተርኔት የሚካሄድ ነው። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ጊዜ ይገባል፤ እያንዳንዱም በዚያ ዓለም ውስጥ የሚንቀሳቀስበት የራሱ ሰው አለው። አንዱ ጎራዴ ታጥቆ ይዞራል፣ አንዱ ዓሣ ያጠምዳል፣ አንዱ ቁጭ ብሎ ያወራል።

ዓለሙን የምንሠራው እኛ ብቻ አልነበርንም። ተጫዋቾቹም ይሠራሉ። ቤት ያንጻሉ፣ ዋሻ ይቆፍራሉ፣ አውሬ ይፈጥራሉ። የሠሩት ነገር ለሌላው ሰው ከመከፈቱ በፊት ወደ እኔና ወደ ባልደረባዬ ወደ ቴቪታ ይመጣል። ገብተን እናየዋለን። እናሳልፋለን ወይም እንጥላለን።

ሰው እንደ ልብህ ሥራ ሲባል ምን እንደሚሠራ ባታውቁ ይሻላችኋል። አብዛኛው ያቅለሸልሻል። ከሥራ ስወጣ እጄን ሁለት ጊዜ የምታጠብባቸው ቀኖች ነበሩ፤ የነካሁት ማውስ ብቻ ሆኖ ሳለ።

አለቆቻችን አንዲት ቃል ይወዱ ነበር። "ለሁሉም።" ተጫዋች አንድ ዓይነት አይደለም፣ የአንዱ ደስታ የሌላው መሰላቸት ነው፣ ስለዚህ ማንኛውም ሥራ በአራት ዓይነት ሰው ዓይን አራት ጊዜ ይታይ ተባለ።

ለዚህም በጨዋታው ውስጥ የምንገባባቸው አራት የሙከራ ሰዎች ነበሩን። የመጀመሪያው መዋጋት የሚወድ። ሁለተኛዋ ያልታየ ቦታ ፈልጋ የምትዞር። ሦስተኛው ያገኘውን ሁሉ የሚሰበስብ። አራተኛዋ ደግሞ ወሬኛ... ለመጫወት ሳይሆን ለማውራት የሚመጣውን ሰው የምትወክል።

አራተኛዋ አሮጊት ናት። ግራጫ ሹራብ ለብሳለች፤ የሹራቧ ሁለተኛ ቁልፍ የለም፣ የሠራት ሰው ረስቶታል። አፏ እንኳን በቅጡ አልተሠራም፤ ፊቷ ላይ የተሰመረ አንድ መስመር ነው። ለሦስቱ ስም አውጥተንላቸዋል። ለእሷ የደከመ የለም። ቁጥር አራት እንላታለን።

የእሷ ዙር አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ቁጭ ብሎ የሚባለውን ሁሉ መስማት፣ ለሚጠየቀው ሁሉ መመለስ ነው። ማን ትዕግሥት አለው? ሁላችንም እንዘለዋለን። ቅጹ ላይ አራተኛው ሳጥን ውስጥ "ታይቷል" እንላለን፤ አለቀ።

"ለወሬ ብሎ እዚህ ድረስ የሚመጣ ማን አለ?" ይል ነበር ቴቪታ። "ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ካልሆነ በቀር።"

እኔም እስቅ ነበር።

አባቴ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ነው። ስሙ ሜርቪን ነው፣ ሁሉም ሜርቭ ይለዋል። ዕድሜውን በሙሉ ወረቀት ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ ወጣ፣ ወዲያው እናቴ ሞተች። ጨዋታውን ኮምፒውተሩ ላይ የጫንኩለት እኔ ነኝ። ሰማያዊ የሱፍ ኮፍያ ያደረገ ዓሣ አጥማጅ ሠራሁለት፤ አባቴም ያችኑ የመሰለች ኮፍያ አለችው።

ለምን ጫንሽለት ብትሉኝ... በየቀኑ እየደወልኩ ማውራት ስለታከተኝ ነው። እውነቱ ይሄው ነው። የሚያወራው ሰው ያግኝና እኔን ይተወኝ ብዬ ነው።

ከዚያ ያ ቤት መጣ።

ዓርብ ነበር፣ ሥራ ሊያልቅ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው። የሠሪው ስም "ጎረቤት" ይላል፤ ሌላ ምንም የለም። የቤቱ ስም "የእራት ቤት"። በሩ ላይ ጽሑፍ አለ፦ ባዶ እጅ አይገባም።

ይህ ለእኛ ሰው አዲስ አይደለም። እኛ አገር ለግብዣ ሲጠሩህ ሳህንህን ይዘህ ና ይሉሃል፤ የቻልከውን ሠርተህ በሳህንህ ይዘህ ትሄዳለህ። ከሳህኑ ሥር ስምህን በፕላስተር ትለጥፋለህ፣ ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል። የሰው ሳህን ቤትህ ከቀረ አጥበህ ትመልሳለህ። ባዶ እጁን የሚመጣ ሰው ለዓመት ይታማል።

ስለዚህ ጽሑፉን አይቼ ፈገግ አልኩ። ገባሁ።

በተዋጊው ገባሁ መጀመሪያ። ምድር ቤት ውስጥ አንድ ነገር ተኝቷል... በሬ የሚያህል ምላስ። ምላስ ብቻ። እርጥብ ነው፣ ጫፉ ይላወሳል፣ ላዩ ላይ ነጭ ነገር ጋግሯል። ጎራዴው ሲወጋው የሚያሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

በአሳሿ ገባሁ። ከግድግዳው ጀርባ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ግድግዳው ቀይ ነው፣ ያብለጨልጫል። ስታልፍበት ይጨመቃል፣ ወደ ታች ይገፋታል።

በሰብሳቢው ገባሁ። በየመደርደሪያው ትንንሽ ጠርሙሶች ተደብቀዋል፣ ሠላሳ ሁለት ናቸው። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ጥርስ አለ። አንዱ ላይ ሥጋው ገና አልለቀቀም።

ቀፈፈኝ። ግን ሕጋችን አስጠላኝ ብለህ ጣል አይልም፤ ሥራው ደግሞ ከእኛ ሥራ ይበልጥ ነበር። ተዋጊው ይወደዋል፣ አሳሿ ትወደዋለች፣ ሰብሳቢው ይወደዋል።

አራተኛው ዙር ቀረ። ሰዓቴን አየሁ። ዓርብ ነው።

"ታይቷል" ብዬ መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ።

በአሥር ሳምንት ውስጥ የእራት ቤት ከሁሉም የሚወደድ ቤት ሆነ። አለቃችን በስብሰባ ላይ ስሜን ጠርታ አመሰገነችኝ። ለሁሉም ማለት ይህ ነው አለች። ኬክ ተቆረሰ። እኔም በላሁ።

እሁድ በምሳ ሰዓት አባቴ ደወለ። ከስንት ጊዜ በኋላ ድምፁ ደስ ያለው ይመስላል። የሚያወራት ሰው አግኝቷል፤ አንዲት ደግ አሮጊት። በየቀኑ ገበታ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ እንዴት እንደዋለ ትጠይቀዋለች፣ ስለ እናቴ ሲያወራ አታቋርጠውም።

"ሰው እንዲህ ሲያዳምጥ አይቼ አላውቅም ልጄ" አለኝ። "ሹራቧ ላይ ቁልፍ ጎድሏል፣ ልስፋልሽ ብላት ሳቀች።"

አንድ ነገር ሽው አለብኝ... አለፈ። ኢሜይል እያየሁ ነበር የማዳምጠው።

"ባዶ እጅህን ነው የምትሄደው ታዲያ?" አልኩት ለጨዋታ።

"እኔ ሜርቭ? ሳህኔን ይዤ ነው እንጂ። እዚያው ቀርቷል፤ አጥባ ትመልሳለች።"

ሳቅኩ። በጨዋታው ውስጥ ያለ ሳህን መሰለኝ።

ግን አነጋገሩ ልክ አልነበረም። ቃላቱ ይንሸራተቱበታል፤ "ሰ"ን ሲጠራ አየር ያመልጠዋል።

"አባዬ፣ አፍህን ምን ሆነህ ነው?"

በሹክሹክታ...

"ምንም። ጥቂት ነው የቀረኝ።"

ስልኩ ተዘጋ። መልሼ አልደወልኩም። በሚቀጥለው ሳምንት ሄጄ አየዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ማክሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ቴቪታ ወንበሩን ወደ እኔ አንከባለለ። ቴቪታ ግዙፍ የቶንጋ ደሴት ተወላጅ ነው፣ ካልሳቀ የማይናገር ሰው። ያን ቀን አልሳቀም።

"የእራት ቤት ላይ ሰዎች የጻፉትን አንብበሽዋል?" አለኝ።

ተዋጊዎቹና ሰብሳቢዎቹ የጻፉትን አንብቤያለሁ። ለወሬ የገቡት የጻፉትን አላነበብኩም። ማን ያነባል?

አሳየኝ። አርባ አንድ ሰዎች ናቸው። አርባ አንዱም አንዲት ቃል ነው የጻፉት፦

"ጠገብኩ።"

ከጻፉ በኋላም አልወጡም። አርባ አንዱም እዚያው ቤት ውስጥ ናቸው። አንዳንዶቹ ዘጠኝ ሳምንት ሆኗቸዋል።

"አራተኛውን ዙር ስታዪው ምን ነበረው?" አለኝ።

ፊቴን አይቶ ገባው። አልተቆጣም፤ እሱም ያው ነው። "ነይ፣ አሁን እንየው" ብቻ አለኝ።

ቁጥር አራትን ልከፍት ሞከርኩ። ኮምፒውተሩ አንድ መልእክት አወጣ፦ ይህች ሰው በሥራ ላይ ናት።

"አንተ ከፍተሃታል?"

"እኔ? ይለፍ ቃሏንም ረስቼዋለሁ።"

ከመቼ ጀምሮ እንደተከፈተች አየን። የእራት ቤት ከመላኩ ከአራት ቀን በፊት ጀምሮ ነው። አልተዘጋችም። አንድም ቀን።

ቴቪታ በራሱ ሰው ገባ። እኔ ከትከሻው በላይ አያለሁ። ማንንም ሳይወጋ፣ ምንም ሳይነካ፣ ወጥ ቤቱን አልፎ ወደ ምግብ ክፍሉ ሄደ። እኔ ሦስት ጊዜ ገብቼ ያን ክፍል አላየሁትም።

ረጅም ገበታ ነው። ዙሪያውን ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዳቸውም አይንቀሳቀሱም... አፋቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ያኝካሉ። ሁሉም በአንድ ምት ያኝካሉ።

በገበታው ራስ ላይ ግራጫ ሹራብ የለበሰች አሮጊት ተቀምጣለች። ሁለተኛው ቁልፍ የለም።

"ይህቺ የኛ ናት" አለ ቴቪታ ቀስ ብሎ።

ጽሑፍ መጣ። ማን ነው የሚያበስልልህ? ትለዋለች። ማን ነው የሚደውልልህ? በሳምንት ስንት ጊዜ? ቴቪታ የመጣለትን ይመልሳል። ጥያቄዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ለቁጥር አራት ዙር እኛው ያዘጋጀናቸው ናቸው። ሦስት ዓመት ማንም አልጠየቀባቸውም።

ከዚያ፦ ምን ይዘህ መጣህ?

ቴቪታ ከቦርሳው ዳቦ አውጥቶ ሰጣት። መለሰችለት። ዓሣ ሰጣት። መለሰችለት።

"ይሄ አይበላም። ከቤትህ ነው የሚመጣው።"

"ከቤቴ ምን?" ብሎ ጻፈ።

የአሮጊቷ ጽሑፍ መጣ፦

"ሁሉም መጀመሪያ ጥፍር ያመጣል። ቀጥሎ ፀጉር። አንተም ቀስ በቀስ ትደርሳለህ። ሜርቭ ጥርስ ላይ ደርሷል።"

የቴቪታን ወንበር ያዝኩ።

በገበታው ላይ፣ ከአሮጊቷ በስተቀኝ፣ ሰማያዊ ኮፍያ ያደረገ ዓሣ አጥማጅ ያኝካል።

ሮጬ ስወጣ ቴቪታ ከኋላዬ አንድ ነገር አለኝ።

"ምላስ... ጉሮሮ... ሠላሳ ሁለት ጥርስ። ኔሪ፣ ይሄ እኮ ቤት አይደለም።"

ከላውንሰስተን ኡልቨርስቶን ከአንድ ሰዓት በላይ ያስነዳል። መንገድ ላይ ደጋግሜ ደወልኩ፤ አባቴ አያነሳም። ጎረቤቱ ጋ ደወልኩ፤ አያነሳም። ቴቪታ ደወለልኝ፤ ቤቱን ሊዘጋው ሞክሮ እምቢ ብሎታል። ስንቴ ቢያጠፋው ተመልሶ ይመጣል፤ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ገበታው ላይ አንድ ባዶ ወንበር ይጨመራል አለኝ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ።

ጎረቤቱ ለካ ሣር እያጨደ ነው፣ ስልኩን የማይሰማው። እጁን አውለበለበልኝ። በሩ አልተቆለፈም።

ሽታውን መጀመሪያ የተቃጠለ ፀጉር ነው አልኩ። ከዚያ አጥንት ነው አልኩ። ከዚያ ማሰብ ተውኩ፤ በእጅጌዬ አፍንጫዬን ያዝኩ።

አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። ኮፍያውን አላደረገም። ራሱ ላይ ፀጉሩ በቦታ በቦታው የለም፤ አልተላጨም... ተነቅሏል። ቆዳው ላይ ደም ደርቋል።

"ጫማሽን ጥረጊ" አለኝ ሳይዞር። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚለው።

"አባዬ..."

"ቀስ በይ። እየበላን ነው።"

በሹክሹክታ ነው የሚያወራው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳለ ሰው።

መደርደሪያው ላይ የእናቴ ሁለት ሳህኖች ነበሩ፣ ዳር ዳራቸው ሰማያዊ። ሁልጊዜ ሁለት ናቸው። ያን ቀን አንድ ብቻ ነው ያየሁት።

ምድጃው ላይ ድስት ተጥዷል። ክዳኑን ባላነሳው ኖሮ... አነሳሁት።

ግራጫ ነገር ነው፤ ላዩ ላይ ቆዳ ይዟል። በማንኪያ ገፋሁት። ከሥሩ ነጭ ፀጉር ተጠቅልሎ ወጣ፣ ረጅም፣ ስብ የተለወሰ። በፀጉሩ ውስጥ የጥፍር ቁራጮች ተሰክተዋል። ማንኪያውን ሳወጣው ከሥር ጠጠር የሚመስል ነገር ድስቱን መታው።

ጠጠር አልነበረም።

እዚያው ማጠቢያው ላይ አስታወክኩ። ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ? የገዛ አባቴን ተጸየፍኩ። ልነካው ፈራሁ፤ እንዲነካኝም አልፈለግኩም። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል፤ ግን የተሰማኝ እሱ ነው።

ዞረ። ከንፈሮቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል። አገጩ ላይ ጥቁር ነገር ወርዶ ደርቋል። ዓይኖቹ ግን... ደስ ብሎታል። እናቴ ከሞተች ጀምሮ እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም።

እጁን አየሁ። ጣቶቹ ላይ አንድም ጥፍር የለም። ጥፍሩ ብቻም አይደለም፤ የግራ እጁ ትንሿ ጣት በጨርቅ ተጠቅልላለች፣ አጥራለች።

"አባዬ ተነስ፣ እንሂድ።"

"ገበታው ሳይነሳ?" አለኝ። ቅር አለው። "ነውር ነው ልጄ። በየቀኑ ሰዓቷን ጠብቃ ትጠይቀኛለች እኮ። አንድ ቀን አልቀረችም።"

የተናገረው በቅያሜ አልነበረም። ዝም ብሎ ነው የነገረኝ። እስካሁን የሚያመኝም እሱ ነው።

ከዚያ ባዶ እጆቼን አየና በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ።

"አንቺ ምን ይዘሽ መጣሽ?"

ያን ጊዜ ነው ስክሪኑን ያየሁት።

ሰዎቹ ማኘክ አቁመዋል። ሁሉም ዞረዋል፤ ወደ እኔ። አሮጊቷ ከወንበሯ ተነስታለች። ፊቷ እየቀረበ፣ እየሰፋ መጣ... ያቺ መስመር፣ እኛ አፍ ብለን የሰመርንላት፣ ከዳር እስከ ዳር ተከፈተች።

ውስጡ በጥርስ ተሞልቷል። ረድፍ አይደለም፤ ክምር ነው። የተለያየ ሰው ጥርስ። አንዱ በወርቅ ተሸፍኗል፣ አንዱ ተቦርቡሯል፣ ከፊት ያለው ጫፉ ተሰብሯል። ያቺን የተሰበረች ጥርስ አውቃታለሁ። አባቴ የሰርጉ ዕለት ጠርሙስ ሲከፍት ነው የሰበራት፤ ታሪኩን መቶ ጊዜ ነግሮኛል። መቶ ጊዜም አቋርጬዋለሁ።

ገመዱን ከሶኬቱ ነቀልኩት። ስክሪኑ ጨለመ።

ውጭ ጎረቤቱ ማጨጃውን አጠፋ። ሁሉም ነገር ጸጥ አለ።

የማኘክ ድምፅ ግን አልቆመም።

አባቴን አየሁት። አፉ ተዘግቷል።

ድምፁ የሚመጣው ከድስቱ ነበር።

አምቡላንስ ጠራሁ። ሐኪሞቹ ሐዘን ነው፣ ብቸኝነት ነው አሉ፤ ረጅም ስም ያለው በሽታም ጠሩልኝ። አልተከራከርኩም። አለቃዬ ቤቱን ለመዝጋት ሁለት ሳምንት አመነታች፤ በጣም የሚወደድ ቤት ነው እያለች። ሥራዬን የለቀቅኩት እሷ ያንን ስትል እየሰማሁ ነው፣ አልተመለስኩም።

በመጨረሻ ዋናውን ኮምፒውተር አጥፍተው ሲዘጉት ቴቪታ የቤቱን የውስጥ መዝገብ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ።

ሠሪ፦ ጎረቤት (ቁጥር አራት)።
ያሳለፈችው፦ ኔሪዳ።
አራተኛ ዙር፦ ታይቷል።

አባቴ አሁን ከእኔ ጋር ነው፣ በትርፏ ክፍሌ ውስጥ። አይናገርም። ጥርስ የለውም። የማቀርብለትን ሾርባ አይነካውም፤ አንድ ማንኪያ እንኳን። ግን እየወፈረ ነው። ጉንጩ ሞልቷል፣ ሸሚዙ አልዘጋ ብሎታል። ሐኪሟ መጥታ አየችው፤ ምን እንደምትመግቢው ንገሪኝ ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?

በየቀኑ አጠገቡ እቀመጣለሁ። እንዴት ዋልክ እለዋለሁ። አርባ ደቂቃ እቀመጣለሁ፣ ሰዓቴን ሳላይ። አሁን ምን ይጠቅማል... ግን እቀመጣለሁ።

ትናንት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው ሰው የለም። ደጃፉ ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ የእናቴ ሳህን ተቀምጧል። ዳሩ ሰማያዊ ነው። ታጥቧል፤ ውሃው ገና አልደረቀም። መሐሉ ላይ አንድ ግራጫ የሹራብ ቁልፍ አለ።

ቁልፉን አንስቼ ሳህኑን ገለበጥኩት። ከሥሩ እናቴ በእጇ ጽፋ የለጠፈችው ፕላስተር ነበር፣ ስሟና የአባቴ ስም። ተልጦ ተነስቷል። በቦታው አዲስ ፕላስተር ተለጥፏል።

ላዩ ላይ የኔ ስም ተጽፏል።

ልወረውረው ወደ ቆሻሻው መያዣ ስሄድ ከክፍሉ ድምፅ ሰማሁ። አባቴ ነው። ከወር በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ነው። በሹክሹክታ፣ በፍቅር፣ ትንሽ ሳለሁ ለግብዣ ስንወጣ እንደሚለኝ...

"ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ ልጄ።"

አልወረወርኩትም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ ሲመሽም ተኛሁ።

ይህን የምጽፈው በጠዋት ነው፤ የፀሐይ ብርሃን በመስኮቱ ገብቷል፣ ሁሉም ነገር በግልጽ ይታያል። የእጄ ጣቶች ይህን ስጽፍ ጫፋቸው ያቃጥለኛል። ጥፍሮቼ ተቆርጠዋል፣ እስከ ሥጋው ድረስ። መቼ እንደቆረጥኳቸው አላስታውስም።

ሳህኑ ማታ ባዶ ነበር።

አሁን ባዶ አይደለም።